የደበዘዘውና ያደበዘዝነው

ባለፈው ኅዳር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጎትቶ ወርቃ ወሰደኝ። ወርቃ ከዲላ ተነሥታችሁ፣ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፋችሁ፣ ከሞያሌው አስፋልት ወጥታችሁ ወደ ጌዴብ በኩል ስትዘልቁ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። ወቅቱ የለቀማ ስለነበር መንገዱ ሁሉ እሸት ቡና በተሸከሙ ሰዎች ተሞልቷል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ይነሣና ዛፉንም፣ ቤቱንም፣ ሰውንም አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። እኔ የከተማ ሰው ነኝና ቆሜ እመለከታለሁ። የአገሩ ሰው ግን ጭጋግ ነው ብሎ አይቆምም፤ መንገዱን እግሩ ያውቀዋል።

ተማሪዬ (አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል) የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ ግቢ አስገባኝ። «ግቢ» ያልኩት ቃል አጥቼ ነው እንጂ አጥር የሚባል ነገር አላየሁም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ አለ። ከዚያ ሥር እንሰት። በእንሰቱ መሐል ቡና። ከቡናው ሥር ደግሞ ጎደሬና ጎመን። ቤቱ ራሱ ካልቀረቡት አይታይም። እኔም እንደ አገር ጎብኚ ጠየቅኩ፤

«አባቴ፣ ደኑ የት ላይ ያበቃል? የእርስዎስ ጓሮ ከየት ይጀምራል?»

ተማሪዬ በጌዴኦኛ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

«ልጄ፣ የቆምክበት ጓሮዬ ነው። የምታየው ደንም እሱው ነው።»

ሃምሳን ያለፈ ሰው «ልጄ» የሚለው ሲያገኝ ደስ ይለዋልና እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ላይ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ለካስ ጥያቄዬ ራሱ ስሕተት ነበር። ሁለት ነገር አለ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ እሳቸው ጋ ያለው ግን አንድ ነገር ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ከ847 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ስፋቱ ግን ወደ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ ያውም ያኔ። በሌላ አገር ይህን ያህል ገበሬ በሰፈረበት መሬት ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ ማግኘት ይቸግራል። እዚህ ግን ሰው በበዛበት ዛፉም አልጠፋም። ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ትክል ድንጋዮቹና በባህል የተጠበቁት ደኖች እንዳሉ ሆነው፣ የመዝገቡ እምብርት ግን ይኸው ደንና እርሻ የማይለዩበት ኑሮ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ባለሙያ ካርታ ዘርግቶ «ይኼ ደን፣ ያ እርሻ» እያለ በቀይ ቀለም መስመር ቢያሰምር ምን ይሆናል? ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሰው ይባረራል፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ዛፍ ይቆረጣል። ጠርቶ ይታይልኝ ያለው ነገር በጁ ላይ ይሞትበታል።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ ነው፤ ስለማይለየው፣ ስለተምታታው፣ ስለደበዘዘው ነገር። ሁልጊዜ ማጥራት ደግ ነው? ሁልጊዜስ ማደብዘዝ ክፉ ነው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ ኢዩቡሊደስ የሚባል ግሪካዊ አንድ እንቆቅልሽ ትቶልናል ይባላል። እሱ የተናገረው ስለ እህል ክምር ነው፤ እኔ በወርቃ ላስቀምጠው። አልጋ ላይ የተሰጣ የቡና ክምር አለ እንበል። ከክምሩ አንዲት ፍሬ ብታነሡ ክምርነቱ ይቀራል? ኧረ አይቀርም። ሌላ አንዲትስ? አሁንም ክምር ነው። እንዲህ አንዳንድ ፍሬ እያነሣችሁ ብትውሉ በመጨረሻ አንዲት ፍሬ ብቻዋን ትቀራለች። እሷንም ክምር ልትሏት ነው? «አይደለችም» ካላችሁ፣ ክምርነቱ የጠፋው በየትኛዋ ፍሬ ላይ ነው? ፈላስፎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረው ሁሉን የሚያስማማ መልስ ዛሬም አላገኙለትም።

ለቡና ነጋዴ ግን ይህ ነገር ችግር ሆኖበት አያውቅም። ክምሩን ሲያይ ክምር ይላል፤ አንዷን ፍሬ ሲያይ ፍሬ ይላል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ወሰኑን በጣት ማሳየት አለመቻል ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ይህን የምለው በኛ አገር ወሰን የማይታየውን ነገር ሁሉ መሸሸጊያ የሚያደርግ ሰው ስለበዛ ነው። «ለመሆኑ እጅ መንሻ የት ላይ ነው ጉቦ የሚሆነው? ሃምሳ ብር የሻይ ነው፤ መቶስ? ሁለት መቶስ?» ይላል። መስመሩን አሳየኝ ይላችኋል። ስታጡት «በል እንግዲህ፣ ልዩነት የለም» ብሎ ኪሱ ይከታል። ሰውየው የኢዩቡሊደስን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ እንቆቅልሹን ግን ከፈላስፎቹ ይበልጥ አትርፎበታል።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚረዳን ነገር አለው። «ደበዘዘ» እንላለን፤ «አደበዘዘ» ደግሞ እንላለን። በመሐላቸው ያለችው አንዲት «አ» ናት። ጭጋግ ሲወርድ ተራራው ደበዘዘ። ዘመን ሲያልፍ የድንጋይ ላይ ምስል ደበዘዘ። ማንንም አንከስም። «አደበዘዘ» ስንል ግን አንድ ሰው አለ፤ እጅ አለ፤ ምክንያት አለ። ደፈረሰና አደፈረሰም እንደዚሁ ናቸው። በደፈረሰ ውሃ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው ስንታዘብ መጠየቅ ያለብን ውሃው ለምን ደፈረሰ ብለን ሳይሆን ማን አደፈረሰው ብለን ነው። ሕይወት ያመሰቃቀለውን ማመስቃቀል ሰው ሆን ብሎ ካደረገው ለመለየት የምትበቃ ፊደል ቋንቋችን ሰጥቶን ሳለ፣ እኛ ግን ይቺን ፊደል መጠቀም ከተውን ሰነበትን።

አሻሚ ነገር ጠልቼ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ይታወሳል። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1985 ደግሞ ከአሻሚነት ስለ መሸሽ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። የዘመኑ ሰው ለሁሉ ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ካልተሰጠ እያለ ሲሸሽ የሚያጣው ነገር እንዳለ የተከራከረበት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ይሁንና ቅኔ ውል አለው። ባለቅኔው ወርቁን ሲሸሽገው ሰሚው ወርቅ እንዳለ ያውቃል፤ ፈልግ ተብሏል። የተደበቀው እንዲገኝ ነው። የቢሮ አማርኛ ግን እንዲህ አይደለም። «ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብትፈቱት ከሰሙ ሥር የምታገኙት ሌላ ሰም ነው። የሚመለከተው ማን ነው? የሚያየውስ? መቼ? ወርቅ የለበትም፤ እንዲኖርበትም አልታሰበም።

ወደ ወርቃ ልመልሳችሁ። ጓሮውን ከደኑ መለየት እንዳቃተኝ ሁሉ እዚያ ሰውን ከሰው መለየትም አቅቶኝ ነበር። ወርቃ ጌዴኦና ጉጂ ኦሮሞ ከሚጎራበቱበት አገር ሩቅ አይደለችም። አፈ ታሪኩ ደራሶ፣ ጉጆና ቦሮ ወንድማማቾች ነበሩ ይላል፤ ከደራሶ ጌዴኦ፣ ከጉጆ ጉጂ፣ ከቦሮ ቦረና ወጣ። ቋንቋቸው ሁለት ነው፤ ድንበር ላይ ያደገ ልጅ ግን ሁለቱንም እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራል። ያኛው ከብቱን፣ ይኼኛው እንሰቱንና ቡናውን ይዞ ገበያ ይገናኛሉ። ቆጮው ያለ ቅቤ አይሆን፣ ቅቤው ያለ ገዢ አይሆን። ይጋባሉ፤ ክርስትና ይነሣሣሉ። ማን ማን እንደሆነ መልክ አይነግራችሁም፤ ስምም ሁልጊዜ አይነግራችሁም።

በ1987 ዓ.ም. አዲሱ የክልል አወቃቀር ሲዘረጋ የወሰን ቀበሌዎች ወዴት እንደሚካተቱ በሕዝበ ውሳኔ ይለይ ተባለ። መለየት በራሱ ክፉ ነው አልልም። አስተዳደር ያለ ወሰን አይሠራም፤ ትምህርት ቤት የሚሠራው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ሌባ የሚይዘው የትኛው ወረዳ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ነገር ግን የወረዳ ወሰን አንድ ነገር ነው፤ የሰው ወሰን ሌላ ነው። አባቱ ጌዴኦ፣ እናቱ ጉጂ የሆነው ልጅ «አንተ የትኛው ነህ?» ሲባል ምን ይበል? የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለው መስመር የሚያስጽፈው አንድ ቃል ነው፤ አዲሱ ፋይዳ መታወቂያ ይህን አለመጠየቁ ደግ ሥራ ነው። በዚያ አካባቢ በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። ሕይወት አንድ ላይ የሸመነውን ለይተን ካላየን ስንል የሚመጣው ይኼ ነው፤ ክሩ ሳይሆን ጨርቁ ይቀደዳል።

ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ፣ ከዚያም በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተነቀለ። አብዛኛው ጌዴኦ ነበር፤ ጉጂዎችም ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ሳቢያ በአገር ውስጥ በተፈናቀለ አዲስ ሰው ብዛት ኢትዮጵያ ከዓለም አንደኛ ሆነች፤ 2.9 ሚሊዮን ሰው ገደማ። ጦርነት ላይ ያሉትን እነ ሶርያን በልጠን ማለት ነው። ያን ክረምት በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በፕላስቲክ ሥር የተኛውን ሰው ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል።

ያን ጊዜ የጻፍነውን አማርኛ እስቲ አስታውሱት። «ግጭት ተቀሰቀሰ።» «ቤቶች ተቃጠሉ።» «ዜጎች ተፈናቀሉ።» «ያልታወቁ ግለሰቦች ጥቃት አደረሱ።» የሰዋስው አስተማሪ ልሁንባችሁና፣ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። «አቃጠለ» ካላችሁ አንድ ወንድ አለ። «አቃጠለች» ካላችሁ አንዲት ሴት። «አቃጠሉ» ካላችሁ ብዙዎች። በእንዲህ ያለ ግሥ ሰውን ሳትነኩ መናገር አትችሉም፤ ቋንቋው አይፈቅድላችሁም። ማምለጫው «ተ» ነው። «ቤቶች ተቃጠሉ» ስትሉ የግሡ ባለቤት ቤቶቹ ይሆናሉ። ራሳቸውን በራሳቸው ያቃጠሉ ይመስላል።

ቀጥሎ ደግሞ «ተመላሽ» የሚል ቃል መጣ። ሰዉ ወደመጣበት ይመለስ ተባለ፤ ብዙው ተመለሰ። የተመለሰበት ቤት ግን አልነበረም፤ ዋስትናም አልነበረም። ዳግም የተነቀለም ብዙ ነው። ወረቀቱ ላይ ተመላሽ፣ ሜዳው ላይ ተፈናቃይ ሆነ። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ስንዴ የሚሰፈረው በወረቀቱ ነውና። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከጌዴብ ጎቲቲ የወጡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው በሁለት ቃላት መሐል መውደቅ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ነው አገር የነቃው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቦታው ድረስ የሄዱት።

እኔስ ምን ሠራሁ? ወደ ሌላው ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ልናገር። ያን ሰሞን በዚህ አምድ ላይ «በሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች መካከል የተፈጠረው ግጭት» ብዬ ጽፌአለሁ። «የተፈጠረው!» ፈጣሪ ያለው አይመስልም። ዓረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ነበር፤ ማንንም አያስቀይምም። ለሰላም ብዬ ነው ያደረግኩት፤ እሳት ላይ ቤንዚን እንዳልሆን። ዛሬ ሳነብበው ግን ሰላሙ የማን እንደነበር አላውቅም። የኔ ሰላም እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቡና አገር ላይ ሆኖ ስለ ቡና አለማውራት አይቻልም። የይርጋ ጨፌ ስም የአገር ንብረት እንዲሆን ኢትዮጵያ ከሲዳሞና ከሐረር ጋር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ታግላ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማማች። በ2001 ዓ.ም. ግን ቡናችን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ ሌላ ነገር ተከተለ። ዩኒየኖች በቀጥታ መላካቸውን ቀጠሉ፤ ሌላው ቡና ግን መጋዘን ሲገባ በዓይነትና በደረጃ ይመደብና ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ላኪው የሚገዛው ደረጃውን ነው እንጂ የእገሌን መንደር ቡና አይደለም። ጥቅም ነበረው፤ ገበሬው ዋጋ ማወቅ ጀመረ፣ ሻጭ ገንዘቡን ሳይጉላላ አገኘ። ነገር ግን የወርቃ ቡና ወርቃ መሆኑ ጠፋ። የውጭ ገዢዎች ጮኹ፤ ይህ ቡና ከየት እንደመጣ ንገሩን አሉ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ወጣ፤ የቡናው መነሻ ከጆንያው ጋር እንዲሄድ መንገድ ተከፈተ። ዛሬ ባሕር ማዶ ቡና ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማሸጊያው ላይ «ወርቃ» የሚል ስም ያነባል። የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደታጠበ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደበቀለ ሁሉ ተጽፎለታል።

እኔ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ስንፈልግ ማጥራት እንችላለን! የተደባለቀ ጆንያ ከየትኛው ሸለቆ እንደመጣ ወደኋላ ተከትለን መድረስ አያቅተንም፤ ገዢ ስላለው፣ ዶላር ስላለበት። ከዚያው ሸለቆ የተቃጠለው ቤት እሳት ከየት እንደመጣ ግን «ያልታወቁ ግለሰቦች» ላይ ስንደርስ መንገዱ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ቀን ማታ ሽማግሌው ቤት ነበርን። እማማ ቡና አፈሉ። ሽማግሌው በተራ ወሬ መሐል ድንገት ዝም አሉና ስለዚያ ሰኔ ማውራት ጀመሩ። እኔ አልጠየቅኋቸውም። ተማሪዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር የሚተረጉምልኝ።

ከእሳቸው ጓሮ አለፍ ብሎ አንድ የጉጂ ሰው ከነቤተሰቡ ለረጅም ዓመታት ኖሯል። የመጀመሪያውን የእንሰት ችግኝ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ቤቱ እንደነሱ ቤት ነው፤ ልጆቹ እንደነሱ ልጆች ያወራሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሌላ ቦታ የሸሹ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ ንዴት ያሰከራቸው ወጣቶች መጡ።

«ልጆቹ አገሩን አያውቁትም» አሉ ሽማግሌው። «ቤት ከቤት አይለዩም። አንተ ደንና ጓሮ እንዳልለየኸው። ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው እጁን አነሣና አሳያቸው።»

ቤተሰቡ በጓሮ ወጥቶ አመለጠ። ቤቱ ግን ነደደ። ከሳምንታት በኋላ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ «ማን ነው? አይተዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ጭጋግ ነበር አልኩት።»

ዝም አልን። እማማ ሁለተኛውን ቀዱ።

«ጭጋግ ነበር እንዴ አባቴ?» አልኳቸው።

«አልነበረም» አሉ። «እጁን አውቀዋለሁ።»

ለምን እንደዋሹ ልፈርድባቸው አልችልም። ልጃቸው ድንበር ማዶ ተድራለች፤ እዚህ የሚወራው እዚያ ይሰማል። ያ ሰው ዘመዳቸው ነው፤ ልጆች አሉት። የአገር ሽማግሌ ደግሞ ነገር ማብረድ እንጂ ነገር መቀስቀስ ሥራው አይደለም። እኔ በዓረፍተ ነገር ያደረግኩትን እሳቸው በጭጋግ አደረጉት። ልዩነቱ እሳቸው እንቅልፍ ማጣታቸው ነው።

«ጎረቤቴ ተመልሷል» አሉ ቀጥለው። «ቡና አብረን እንጠጣለን። አንድም ቀን አይጠይቀኝም። አለመጠየቁ ነው የሚያስጨንቀኝ።»

እንግዲህ በማይለይ አገር ቤት ለማቃጠል የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከዚያ ማታ በፊት አላሰብኩትም ነበር። ጠቋሚው ያንን ሕዝብ አንድ ላይ የሸመነውን ክር ከሁሉ በላይ የሚያውቅ፣ እዚያው ያደገ፣ ቡና የጠጣ ሰው መሆን አለበት። ወዲህ ማዶም ሆነ ወዲያ ማዶ በነደደው ቤት ሁሉ ፊት አንድ እንዲህ ያለ እጅ ሳይኖር አይቀርም። እኛ ግን በመግለጫው ላይ «ያልታወቁ» አልናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የታወቁትንና የሚያውቁትን! በዚያን ቀን የደበዘዘ መሆን የነበረበት ነገር ጠራ፤ መጥራት የነበረበት ነገር ደግሞ ደበዘዘ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለየ፤ አጥፊ ከንጹሕ ሳይለይ ቀረ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ግን ሰዎችን አስንፏል። ወርቃ ላይ ንጋት ራሱ ጭጋግ ይዞ ነው የሚመጣው። ንጋትስ ቢሆን ፀሐይ አለው፤ እውነት ግን ተናጋሪ ሰው ካላገኘ ሲያድር የሚጠራ ሳይሆን የሚደፈርስ ነገር ነው። ምስክር ያረጃል፤ ይሞታል። የተቃጠለው ቤት የነበረበት ቦታ ላይ እንሰት በቅሎበታል፤ እሰይ፣ ይብቀልበት። ግን ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያ ምን እንደነበር የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ደኑንና ጓሮውን ብቻ ያያል።

ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፋሰሱ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አላቸው። እሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ይሁንና በየትኛውም የአገራችን ክፍል ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ በዳይ «በድያለሁ» ካላለ ሽማግሌ ማንን ከማን ያስታርቃል? ሕዝብን ከሕዝብ? ሕዝብ እኮ ቤት አላቃጠለም። «ሁለቱ ሕዝቦች ተጋጩ» ማለት ሰላማዊ አነጋገር ይመስላል እንጂ በውስጡ ከባድ በደል አለው፤ የአንድ ሰው እጅ የሠራውን ለመቶ ሺህ እጅ ያካፍላል። እጁን ያነሣው ሰው በስሙ ቢጠራ ኖሮ ያ መቶ ሺህ ሕዝብ ነፃ ይወጣ ነበር።

ታዲያ የቱን እናጥራ፤ የቱን እንተው? ለራሴ የያዝኩት አንድ መለኪያ አለኝ፤ ፍጹም ነው አልልም። አንድ የደበዘዘ ነገር ሲገጥመኝ «ቢጠራ የሚጎዳው ማን ነው?» እላለሁ። ደንና ጓሮው ቢለዩ የሚጎዳው በመሐሉ የሚኖረው ገበሬ ነው፤ እንተወው። የሁለት ወገን ልጅ «አንዱን ምረጥ» ቢባል የሚጎዳው ልጁ ነው፤ እንተወው። ጉቦና እጅ መንሻ ቢለዩ የሚጎዳው ተቀባዩ ነው፤ እናጥራው። ጠቋሚው ቢታወቅ የሚጎዳው ጠቋሚው ነው፤ እናጥራው። ከመልሱ በኋላ ግን ሌላ ችግር አለ። ሽማግሌውም አሉ፤ ማዶ የተዳረችው ልጃቸውም አለች። ቢጠራ እነሱም ይጎዱ ይሆናል። መለኪያዬ እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ቢያንስ አንድ ነገር ግን ያስገድደናል። ሽማግሌው እንዳይጎዱ አድርጎ እውነቱን የሚቀበላቸው ፍርድ ቤት፣ ሽምግልና ወይም መንግሥት እስከሌለ ድረስ፣ ጭጋጉ የሽማግሌው ብቻ አይደለም። የሁላችንም ነው።

ጠዋት ልንሄድ ስንነሣ ሽማግሌው እስከ መንገዱ ሸኙን። ተማሪዬ ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ነግሯቸው ኖሯል።

«ጻፈው» አሉኝ። «ስሜን ግን አትጻፍ።»

አልጻፍኩም። አያችሁት አይደል፤ ከላይ እስከ ታች «አንድ ሽማግሌ» እያልኩ ነው የመጣሁት። ቤታቸው ከመንገዱ በየት በኩል እንዳለ፣ ልጃቸው የተዳረችው የት እንደሆነ፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሚባል አልነገርኳችሁም፤ ማንም ሊለያቸው እንዳይችል አንዳንዱን ነገርም ቀያይሬዋለሁ። ማንበብ ስትጨርሱ «ይሄ ሰውዬም አድበስብሶ አለፈው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ይህንን ጽሑፍ ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳደበዘዝኩትም ተናግሬአለሁ።